ማዕድ ሲቀርብ የሚያብጥ መንጋጋ፦ ስለ ምራቅ ዕጢ ጠጠር

በጾም ወራት ቅዳሴ ወጥቶ ምእመናን ወደ ማዕድ ሲቀርቡ፣ አንዳንዱ ሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ አላምጦ ሳይጨርስ ከመንጋጋው ሥር በአንድ ወገን ጠንከር ያለ ሕመም ይሰማዋል። እጁን ቢሰድ ቀድሞ ያልነበረ፣ አንዳንዴም የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ያገኛል። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሲቆይ እብጠቱ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ሕመሙም ይተወዋል። በማግሥቱ በማዕድ ሰዓት ሁለቱም ይመለሳሉ። የሎሚ ወይም የአዋዜ ሽታ ብቻውን ሕመሙን የሚቀሰቅስበት ጊዜም አለ።

እንዲህ ያለውን እብጠት ሕዝባችን አንዳንዴ ጆሮ ደግፍ፣ አንዳንዴ ንፍፊት፣ አንዳንዴም ምች ወይም የጥርስ ሕመም ይለዋል። የሚሰጠውም ስም ሕመምተኛው የሚሄድበትን መንገድ ይወስናል። ጆሮ ደግፍ ነው ያለው ቤቱ ተኝቶ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ንፍፊት ነው ያለው በእሳት ያስተኩሳል ወይም በምላጭ ያስበጣል፤ ጥርስ ነው ያለው ደግሞ ጤነኛ ጥርሱን ያስነቅላል። ከማዕድ ጋር የሚመጣና ከማዕድ በኋላ የሚሄድ እብጠት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የምራቅ መውረጃው ቱቦ በጠጠር መዘጋቱን ነው።

ይህን ምልክት ለይቶ ማወቅ ለሐኪም ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉት የቦረና፣ የደብረ ሲና፣ የወግዲ፣ የሳይንትና የመሐል ሳይንት ደጋዎች፣ ወደ ዐባይና ወደ በሽሎ በሚወርዱት ቆላዎችም፣ ብዙ ሕመምተኛ ከጤና ባለሙያ በፊት ሕመሙን የሚነግረው ለንስሐ አባቱ ነው። ካህኑ «እብጠቱ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያች አንዲት ጥያቄ ሕመምተኛውን ከምላጭ አድናው ወደ ጤና ጣቢያ ልታደርሰው ትችላለች።

ጠጠሩ ከየት ይመጣል?

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። ይህን የሚያመነጩት ሦስት ጥንድ ታላላቅ ዕጢዎችና በከንፈር፣ በጉንጭ፣ በላንቃ ላይ ተበትነው የሚገኙ ብዙ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማሳሰብ ይገባል። «ዕጢ» ሲባል ብዙ ሰው ነቀርሳን ያስባል፤ እኛ ግን የምንናገረው ሰው ሁሉ ከተወለደ ጀምሮ ስላለው ጤነኛ የአካል ክፍል ነው። ከሦስቱ ጥንዶች አንደኛው ከጆሮ ፊት ለፊትና ከጆሮ ሥር፣ ሁለተኛው ከመንጋጋ አጥንት ሥር፣ ሦስተኛው ከምላስ ሥር ይገኛል። ጆሮ ደግፍ በዋናነት የሚያጠቃው የመጀመሪያውን ነው። ጠጠር የሚበዛው ግን በሁለተኛው ነው፤ ከአሥር የምራቅ ጠጠሮች ስምንት ወይም ዘጠኝ ያህሉ የሚገኙት በመንጋጋ ሥር ባለው ዕጢ ወይም በቱቦው ውስጥ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የመስኖ ቦይ የጠረገ ገበሬ ብዙ አይቸገርም። ከመንጋጋ ሥር ካለው ዕጢ የሚነሣው ቱቦ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። መንገዱ ቁልቁል አይደለም፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላ ወደ ፊት እየወጣ ከምላስ ሥር ይከፈታል። በውስጡ የሚያልፈው ምራቅ ከሌሎቹ ይልቅ ዝልግልግ ነው፤ የካልሲየም መጠኑም ከፍ ያለ ነው። መውጫው ደግሞ ከቱቦው ሁሉ የጠበበ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ፣ ዳገቱ ላይ የሚዘገይ፣ ጫፉ ላይ የሚጠብ ቦይ ደለል መያዙ አይቀርም። ደለሉ የሚጀምረው ከዝልግልግ ቅንጣት፣ ከሞቱ ሕዋሳት ወይም ከተሕዋስያን ነው፤ በዚያ ላይ ካልሲየምና ፎስፌት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብር ይጋገሩበታል። እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚጨምር ይገመታል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሕመም የጀመረው ሰው ጠጠሩን ለዓመታት ይዞት ኖሮ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ጠጠሮች ከአሥር ሚሊ ሜትር ያነሱ ናቸው፤ ከ15 ሚሊ ሜትር ያለፈ ጠጠር ግዙፍ ይባላል። ይህን ቱቦ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዋርተን በ1656 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለገለጸው ሐኪሞች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል።

ሕመሙ በማዕድ ሰዓት የሚነሣበት ምክንያትም ከዚሁ ይገኛል። ምግብ ሲታይ፣ ሲሸት፣ ሲቀመስ ዕጢው ብዙ ምራቅ ያመነጫል፤ ቱቦው ስለተዘጋ ምራቁ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዕጢው በሽፋኑ ውስጥ ይወጠራል። ማዕድ ሲነሣ ምራቁ ይቀንሳል፤ የተጠራቀመውም በጠጠሩ ጎንና ጎን እየተንጠባጠበ ይወጣል።

ታዲያ ጾም ጠጠር ያመጣልን? ጾም ጠጠር ይፈጥራል ማለታችን አይደለም። ጠጠሩ ቀድሞ በቱቦው ውስጥ ካለ ግን ጾም ይገልጠዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ ያልቀመሰ ሰው ምራቁ ይወፍራል፤ በቱቦውም ውስጥ ይቆማል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ ያደረ መሪጌታ ወይም ዲያቆን፣ ቀኑን በቆላ ሲያርስ የዋለ ገበሬ፣ ከጉባኤ ቤት ርቆ ውኃ የሚቀዳ የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ይህ ሕመም ያለበት ጿሚ ማታ ውኃ በደንብ ጠጥቶ እንዲተኛ፣ ጾሙንም ሲፈታ ከምግቡ አስቀድሞ ውኃ ቀስ እያለ እንዲጠጣ ይመከራል። ዕጢው አመርቅዞ ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ ሕሙም ነውና፣ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሕሙማን የምትሰጠውን ዕረፍት የንስሐ አባቱ ሊያስታውሰው ይገባል። መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ ሰዓቱን እንዲያዛባ መተው የለበትም።

ውኃችን ጠጠር ያበዛል፣ ጨዋማ ነው የሚል ሐሳብ በብዙ ቦታ ይሰማል። በእንግሊዝ አገር ውኃው «ከባድ» በሆነባቸውና ባልሆነባቸው አካባቢዎች መካከል በተደረገ ንጽጽር በምራቅ ጠጠርና በውኃው ዓይነት መካከል ግንኙነት አልተገኘም። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰውም የምራቅ ጠጠር ይይዘዋል ማለት አይደለም። ይልቁንስ አፍን የሚያደርቁ መድኃኒቶችን ልብ ማለት ይጠቅማል፤ ለአለርጂ የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ እንዲሁም ሽንት የሚያበዙ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒቱን ግን ማንም በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ ለሐኪሙ ይንገር።

በምን ይለያል?

በአንገትና በመንጋጋ ሥር የሚወጣ እብጠት ሁሉ ጠጠር አይደለም፤ በአገራችን ደጋዎች ደግሞ ከጠጠር የበዙ ሌሎች ምክንያቶች አሉ። እንቅርት ከጉሮሮ ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ሰውየው ሲውጥ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከምግብ ጋር አያብጥም፣ አይጎድልም። ጆሮ ደግፍ በአብዛኛው ልጆችን ይይዛል፤ ትኩሳት አለው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ወገን ያሳብጣል፤ በሳምንት ገደማ ያልፋል፤ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው እንደገና የሚያዘው እምብዛም ነው። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ «ጆሮ ደግፍ በየወሩ ይመላለስብኛል» ቢል ጆሮ ደግፍ እንዳልሆነ ከንግግሩ መረዳት ይቻላል። የጥርስ መግል የሚያመው ሲነክሱበትና ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ ሲነካው ነው፤ ሌሊትም ይጠዘጥዛል፤ የተበላ ጥርስም በቦታው ይታያል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ግን ለማይመላለሰው እብጠት ነው። በአንገት ጎን ለሳምንታት ቀስ እያለ የሚያድግ፣ የማያቃጥል፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ሆኖ የሚያያዝ እባጭ፣ በተለይ ከሌሊት ላብና ከክሳት ጋር ከሆነ፣ የአንገት ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ይህም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ የሚሰጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የስድስት ወር መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። ከመንጋጋ ሥር ያለ ጠንካራ፣ ከምግብ ጋር የማይለዋወጥ፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት ደግሞ የዕጢው ካንሰር ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕጢ ላይ ከሚወጡት ብቅለቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ክፉ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ «ጠጠር ነው፣ ሎሚ ምጠጥበት» የሚለው ምክር ለተመላላሹ እብጠት እንጂ ለማይመላለሰው አይሰጥም። ከሦስት ሳምንት በላይ ቆሞ የቀረ እብጠት፣ ከንፈር ወይም ፊት የሚያጣምም፣ ምላስን የሚያደነዝዝ እብጠት ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

በጤና ጣቢያ የሚደረገው ምርመራ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ባለሙያው መጀመሪያ ታሪኩን ይጠይቃል። ከዚያ አፉን አስከፍቶ፣ ምላሱን ወደ ላይ አስነሥቶ፣ ምላስን ከታች ከያዘው ቀጭን ጅማት ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን መውጫዎች በብርሃን ይመለከታል። ቦታውን በጨርቅ አድርቆ ዕጢውን ከውጭ ይጫናል፤ ከጤነኛው ወገን ንጹሕ ምራቅ ጠብ ሲል ይታያል፤ ከታመመው ወገን ግን ምንም አይወጣም፣ ወይም መግል ይወጣል። ቀጥሎ ጓንት ያጠለቀ ጣቱን ከምላስ ሥር፣ ሌላውን እጁን ከመንጋጋ ሥር አድርጎ፣ በሁለቱ መካከል ከኋላ ወደ ፊት እየዳበሰ ይመጣል። ከኋላ ወደ ፊት መሆኑ ምክንያት አለው፤ ከፊት ቢጀምር ጠጠሩን ወደ ዕጢው ሊገፋው ይችላል። በቱቦው የፊት ክፍል ያለ ጠጠር በዚህ ዳሰሳ እንደ ሽምብራ ፍሬ ይገኛል። በመውጫው ላይ ደርሶ ቢጫ ሆኖ የሚታይበት ጊዜም አለ።

በጣት ያልተገኘውን ኤክስሬይና አልትራሳውንድ ይፈልጉታል። ለዚህ የሚስማማው ኤክስሬይ ፊልሙ በአፍ ውስጥ ተነክሶ ከታች ወደ ላይ የሚነሣው ነው፤ ከጎን የተነሣ እንደ ሆነ የመንጋጋ አጥንት ጠጠሩን ሊጋርደው ይችላል። ከመንጋጋ ሥር ጠጠሮች ከአሥሩ ሁለት ያህሉ በኤክስሬይ አይታዩም፤ ከጆሮ ሥር ያሉትማ ከዚህም ይበልጥ ይሰወራሉ። እንግዲህ «ኤክስሬይህ ንጹሕ ነው» መባል ጠጠር የለም ማለት አይደለም። አልትራሳውንድ፣ ማለትም የነፍሰ ጡር እናቶች ፅንስ የሚታይበት መሣሪያ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን ጠጠር አብዛኛውን ያሳያል፤ ጨረርም የለውም። ሲቲ ስካን የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ብቻ ነው።

ሕክምናው

ትንሽ ጠጠር፣ በተለይ ከአምስት ሚሊ ሜትር ያነሰና ወደ መውጫው የቀረበ፣ ያለ ቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል። ብዙ ውኃ መጠጣት፣ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በቦታው ማድረግ፣ ዕጢውን ከኋላ ወደ አገጭ በእርጋታ ማሸት፣ ሎሚ እየመጠጡ ምራቅ ማብዛት የታወቁ መንገዶች ናቸው። ሎሚው ሕመሙን እጅግ ካበረታ ግን ቱቦው ፈጽሞ ተዘግቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል መተው ይገባል። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ ይረዳል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ባለሙያ ሳይጠይቅ አይውሰድ። መግልና ትኩሳት ሲኖር ባለሙያው አንቲባዮቲክ ያዛል። አንቲባዮቲክ ማመርቀዙን እንጂ ጠጠሩን አያጠፋም። በዚህ ነጥብ ብዙ ሰው ይታለላል፤ እብጠቱ ሲጠፋ የዳነ ይመስለዋል፣ ጠጠሩ ግን በቦታው ነው። በየጊዜው የሚያመረቅዝ ዕጢ ደግሞ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፣ ሥራውንም ያቆማል።

ጠጠሩ በቱቦው የፊት ክፍል ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ሐኪሙ ቦታውን ብቻ በመርፌ አደንዝዞ፣ ጠጠሩ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ከበስተኋላው በክር ይዞ፣ በአፍ ውስጥ ከጠጠሩ በላይ ትንሽ ይከፍታል፤ ጠጠሩን ያወጣል፤ ቁስሉንም ብዙውን ጊዜ ሳይሰፋ ይተወዋል፣ ምራቁ በአዲስ መውጫ እንዲወርድ። በውጭ ቆዳ ላይ ጠባሳ አይኖርም፤ ሕመምተኛውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጠጠሩ በዕጢው ውስጥ ሲሆን ወይም ዕጢው ከጥቅም ውጭ ሲሆን ዕጢው ራሱ በሙሉ ማደንዘዣ ይወጣል። የቀሩት ዕጢዎች ስለሚበቁ አብዛኛው ሰው አፉ አይደርቅበትም። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በሌሎች አገሮች እንደ ሽቦ የቀጠነ መመልከቻ በቱቦው አስገብቶ፣ ትንሹን ጠጠር በጥቃቅን መያዣ ይዞ ማውጣት ተለምዷል። ይህ በብዙ ሆስፒታሎቻችን እንዲገኝ መመኘት ተገቢ ነው፤ ሆኖም የመውጫው ጠጠር እርሱን መጠበቅ የለበትም፤ በጥንቱ መንገድም በደንብ ይወጣል።

ከውጭ ማስበጣትን የምንቃወመው ባህልን ስለምንንቅ አይደለም። ከመንጋጋው አጥንት በታች በኩል የከንፈርን ጥግ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ያልፋል፤ ወደ ፊት የሚሄደው ዋና ደም ቅዳ የዕጢውን ጀርባ ተደግፎ ይወጣል። ከአፍ ውስጥም ምላስ እንዲሰማው የሚያደርገው ነርቭ ከቱቦው ሥር ተሻግሮ ይሄዳል። ቀዶ ሐኪም እንኳ እነዚህን እየፈለገና እየጠበቀ የሚሠራበት ቦታ ነው። በጭፍን የገባ ምላጭ ደም ያፈሳል፣ ከንፈር ያጣምማል፤ ወይም ምራቅ በቆዳ በኩል ሳያቋርጥ የሚወርድበት ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። መተኮስም ጠጠሩን አይደርስበትም። ጸበልን በተመለከተ፣ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ዘመነ ፕትርክና በኤች አይ ቪ መድኃኒት ምክንያት ጥያቄው ተነሥቶ፣ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በግልጽ ተነግሯል። እዚህም ነገሩ ያው ነው፤ የሚጠመቅ ሕመምተኛ ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ይውሰድ።

አንድ ነገር ብቻ ሌሊትም ቢሆን አያስጠብቅም። ከምላስ ሥር ያለው ሥጋ አብጦ ምላሱን ወደ ላይ ከገፋው፣ አፉን መክፈት ወይም ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከታፈነ፣ መተንፈስም ከከበደው፣ ማመርቀዙ ወደ አንገት ወርዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በቃሬዛ በጀርባው አይጋደም፤ ተቀምጦ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ በተገኘው መጓጓዣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሕመምተኛው በየት በኩል ይሂድ?

መንገዱ ከቅርቡ ይጀምራል። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ያለው ጤና ኬላ የመጀመሪያው በር ነው፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የመካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያም በአቀስታ በኩል የሚያወጣው መንገድ ወደ ደሴ ሆስፒታል ያደርሳል። ዕጢው የሚወጣለት ወይም ካንሰር የሚጠረጠርበት ሰው የአንገት በላይ ወይም የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች እንዲህ ያሉ ሐኪሞች የሚሠለጥኑባቸው ናቸው። ወደ የትኛው እንደሚላክ የሚወስነው ላኪው ሆስፒታል ነው።

ደረጃውን መዝለል በገንዘብም ይጎዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ዞን ተሁለደሬ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ይሠራል። አባል የሆነ ሰው የሪፈር ወረቀት ይዞ ከሄደ ይሸፈንለታል፤ ያለ ወረቀት በቀጥታ ደሴ የወረደ ግን ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ለዓመቱ መዋጮ አቅም የሌላቸው ድሆች በመንግሥት ድጎማ የሚገቡበት ሥርዓትም አለ። የእነዚህን ስም የሚመርጠው ቀበሌው ቢሆንም፣ ማን ጧሪ እንደሌለው፣ የትኛዋ መበለት እንደ ተዘለለች ከሰበካ ጉባኤ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የእድሳቱ ወቅት ሲደርስ ስማቸውን ለቀበሌው ማስታወስ የኮሚቴው ሥራ ቢሆን መልካም ነው። መድኑ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ አይከፍልም፤ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር የሚሰበሰበው ጥቂት ገንዘብ የሚያስፈልገውም በዚህ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ወይም መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ የሚያልፍበት ሰው ብዙ ስለሆነ፣ አስቸኳይ ያልሆነውን ሕክምና መንገዱ ክፍት በሆነበት ወቅት ማስጨረስ ይሻላል።

ሕመምተኛው ሲላክ እብጠቱ የጀመረበትን ወር፣ ከምግብ ጋር መመላለስ አለመመላለሱን፣ መግል መኖሩን፣ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የተተኮሰ ወይም የተበጣ እንደ ሆነ ያንንም ሳይደብቅ፣ ማንበብ የሚችል ዲያቆን በወረቀት ጽፎ ይስጠው። ጠጠሩ ራሱ ከአፉ ወጥቶ ከሆነ በጨርቅ ቋጥሮ ይዞት ይሂድ፤ ሌላ የቀረ መኖሩን ግን ሐኪሙ ይየው፤ ከአንድ በላይ ጠጠር የሚገኝበት ሰው ጥቂት አይደለምና።